በልክ የሚሰጥ ፍጥነት፦ የውሃ ዋና ልምምድ ፔስ አወሳሰን

የዛሬው ትምህርታችን አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሳል፦ ለውድድር የሚዘጋጅ ዋናተኛ በልምምድ ላይ በምን ያህል ፍጥነት ይዋኝ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በየገንዳው ዳር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ግን «ጠንከር በል»፣ «ፍጠኚ»፣ «ዛሬ ቀለል አድርጉት» የሚል ነው። እነዚህን ቃላት እያንዳንዱ ልጅ በራሱ መንገድ ይተረጉማቸዋል። ጉልበተኛው «ቀለል አድርግ» ተብሎም ይሮጣል፤ ፈሪው «ጠንከር በል» ተብሎም ይቆጥባል። ስለዚህ የልምምድ ፍጥነት (ፔስ) በቁጥር መታዘዝ አለበት። ቁጥሩም ከእያንዳንዱ ዋናተኛ የዛሬ አቅም ተለክቶ መውጣት አለበት። የምንመኘው ውጤት፣ የጓደኛ ሰዓት ወይም የሌላ አገር ሻምፒዮን የሚሠራበት ሠንጠረዥ መነሻ ሊሆን አይችልም። የዚህ ትምህርት መሠረት ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

መጀመሪያ የውሃን ጠባይ እንይ። ውሃ ዋናተኛውን የሚይዝበት ኃይል በግምት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያን ተቃውሞ እያሸነፉ ለመጓዝ የሚጠየቀው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ይህን ወደ ልምምድ እናምጣው። 100 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ30 ሰኮንድ፣ ማለትም በ1:30 የምትዋኝ ልጅ በ1:27 ዋኚ ብትባል ፍጥነቷ የሚጨምረው ሦስት ተኩል ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ከሰውነቷ የሚጠየቀው ጉልበት ግን 11 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ገንዳ ዳር ለቆመ ሰው ሦስት ሰኮንድ ምንም አይደለችም። ውሃ ውስጥ ላለው ግን ሌላ ሥራ ናት። አሰልጣኝ ሰኮንድ መቁጠር ያለበት ለዚህ ነው።

ሰውነት ይህን ጉልበት የሚያገኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። በጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ክምችት ለ10 ሰኮንድ ገደማ ሙሉ ፍጥነት ይበቃል። ሁለተኛው ስኳርን በፍጥነት ሰባብሮ ጉልበት የሚያወጣው መንገድ ሲሆን በእሱ ጊዜ ላክቴት በደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ክንድም እየዛለ ይሄዳል። ሦስተኛው በኦክስጅን የሚሠራው ነው፤ ዝግ ያለ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ይዘልቃል። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው ይሠራሉ፤ የሚለዋወጠው ድርሻቸው ነው፤ ድርሻቸውን የሚወስነው ደግሞ ፍጥነቱና የጊዜው ርዝመት ነው። ለአሰልጣኝ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ መካከል ያለ አንድ ወሰን ነው፦ የሚመረተው ላክቴትና የሚወገደው ላክቴት እኩል የሚሆኑበት የመጨረሻው ፍጥነት። ከዚህ ወሰን በታች ዋናተኛው ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ከወሰኑ ሲያልፍ ድካሙ እየተከመረ ብዙም ሳይቆይ ያስቆመዋል። ጀርመናዊው አሎይስ ማደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ወሰን በአንድ ሊትር ደም 4 ሚሊሞል ላክቴት ላይ አስቀመጡት። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ግን ከዚያ በኋላ ታውቋል።

የደም ላክቴት መለኪያ በየገንዳው አይገኝም፤ ለዕለት ተዕለት ሥራም የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሞኖድና ሼረር የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አንድ ጡንቻ እስኪዝል በሚሠራው ሥራና ሥራው በሚፈጀው ጊዜ መካከል ቀጥተኛ ዝምድና መኖሩን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ጃፓናዊው ኮጂ ዋካዮሺና ባልደረቦቹ ያንኑ ሐሳብ ወደ ገንዳ አመጡት። ሥራውን በርቀት ተኩ፤ ዋናተኛው የተለያዩ ርቀቶችን በሙሉ አቅሙ ሲዋኝ ከርቀቱና ከሰዓቱ የወሰኑን ፍጥነት ማስላት እንደሚቻል አረጋገጡ። ዛሬ በብዙ ክለቦች የሚሠራበት ቀላሉ መልክ ሁለት ርቀት ብቻ ይፈልጋል፦ 400 ሜትርና 200 ሜትር።

በምሳሌ እንሥራው። አንዲት ዋናተኛ 400 ሜትርን በሙሉ አቅሟ በ5:40 ጨረሰች እንበል። በቂ እረፍት ካገኘች በኋላ፣ ከተቻለም በማግስቱ፣ 200 ሜትርን በ2:40 ዋኘች። ከ5:40 ላይ 2:40 ሲቀነስ 3:00 ይቀራል። ከ400 ላይ 200 ሲቀነስ 200 ሜትር ይቀራል። ስለዚህ 200 ሜትር በ3 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሜትር በ1:30 ሆነ። የወሰን ፍጥነቷ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ 400ውን የዋኘችው በአማካይ 1:25 ነበር። የወሰን ፍጥነት ከ400 ሜትር ፍጥነት ዘገም ይላል፤ መዘግየትም አለበት። በስሌታችሁ ተቃራኒው ከመጣ ፈተናው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ፈተናው እንዴት እንደሚበላሽ ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙ አሰልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ልጅቷ በ400ው ደክማ 200ውን በ2:40 ፋንታ በ2:46 ጨረሰች እንበል። አሁን ልዩነቱ 2:54 ይሆናል፤ 100 ሜትር በ1:27። አያችሁት? 200ው ላይ ስለዘገየች ስሌቱ ፈጣን አደረጋት። ደካማ ሆና የተፈተነችበት ቀን ከአቅሟ በላይ የሆነ ልምምድ አሳዘዘላት። ቀደም ብለን እንዳየነው የሦስት ሰኮንድ ልዩነት 11 ከመቶ ጉልበት ነው፤ ያ ለሳምንታት ይደገማል፤ በወሩ መጨረሻ ላይም «ልጅቷ ምን ሆነች?» ማለት ይመጣል። በተቃራኒው 400ውን ሮጣ ጀምራ መጨረሻው ላይ ብትንገዳገድና 5:50 ቢሆንባት ስሌቱ 1:35 ይሰጣታል፤ ልምምዱም ያለ አግባብ ይቀልላታል። ስለዚህ ሁለቱም ርቀቶች በእውነተኛ ሙሉ አቅም፣ በደንብ በተሟሟቀ ሰውነት፣ በአንድ ዓይነት አነሳስ ይዋኙ። አንዱን ከመድረክ ዘሎ፣ ሌላውን ግድግዳ ገፍቶ መጀመር ብቻውን ሁለት ሰኮንድ ገደማ ያዛባል።

ፈተናው ትክክል ቢሆንም እንኳ ከሁለቱ ርቀቶች የሚወጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ይፈጥናል። ለማረጋገጥ የቆየ መንገድ አለ፦ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ በእኩል ፍጥነት መዋኘትና የተሸፈነውን ርቀት መመዝገብ። ያቺው ልጅ በ30 ደቂቃ 1,950 ሜትር ብትሸፍን 100 ሜትር በ1:32 ገደማ መጣ ማለት ነው። 1:30 እና 1:32 ተቀራራቢ ናቸው፤ ረጅሙን ድግግሞሽ በ1:32፣ አጭሩን በ1:30 ማዘዝ ትችላላችሁ። ሁለቱ ቁጥሮች በአምስትና በስድስት ሰኮንድ ከተራራቁ ግን አንዱ ፈተና ይደገም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያሠለጠነው ጆን ኧርባንቼክ ከእንዲህ ዓይነቱ የረጅም ዋና ሰዓት ተነስቶ ፍጥነቶችን በቀለም ከፍሎ ያስተምር ነበር፤ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ እያለ። ቀለሙ ለሁሉም አንድ ነው፤ ከቀለሙ ጋር የሚሄደው ሰዓት ግን ለእያንዳንዱ ዋናተኛ የራሱ ነው። አንድ አሰልጣኝ ሠላሳ ልጅ ይዞ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ማዘዝ የቻለው በዚህ መላ ነው።

አሁን ከ1:30 ተነስተን የልጅቷን ልምምድ እናዘጋጅ። ለማገገሚያና ለቀላል ጽናት ከወሰኑ በ100 ሜትር 8 እስከ 12 ሰኮንድ ዘግየት ትበል፤ 1:38 እስከ 1:42። ለወሰን ልምምድ ራሱ 1:30 ይሁን፤ ከ10 እስከ 20 ጊዜ 100 ሜትር፣ በመካከሉ ከ10 እስከ 20 ሰኮንድ እረፍት። ኦክስጅን የመጠቀም አቅሟን እስከ ጣሪያው ለመግፋት የ400 ሜትር ፍጥነቷ፣ 1:25 አካባቢ ይታዘዝላት፤ ድግግሞሹ ከ6 እስከ 10፣ እረፍቱም ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋ። ለንጹሕ ፍጥነት ደግሞ ከ12 እስከ 25 ሜትር በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ ሙሉ እረፍት። ሙሉ እረፍት ስል ትንፋሿ ተመልሶ፣ ክንዷ ቀልሎ ማለቴ ነው። ያለ በቂ እረፍት የሚደረግ የፍጥነት ልምምድ ስሙ ብቻ የፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ የሚዋኝበት ሰዓትና የሚነሳበት ሰዓት። «10 ጊዜ 100 ሜትር በ1:45» ሲባል ብዙዎች ፍጥነቱ የታዘዘ ይመስላቸዋል። የታዘዘው ግን በየስንት ጊዜው እንደሚነሱ ብቻ ነው። በ1:30 የምትጨርሰው 15 ሰኮንድ ታርፋለች፤ በ1:22 የሚጨርሰው 23 ሰኮንድ፤ በ1:41 የምትደርሰው ደግሞ 4 ሰኮንድ። በአንድ ትእዛዝ ሦስት ዓይነት ልምምድ ተሠራ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሦስተኛዋ ነው፤ ብዙ እረፍት የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ ከሁሉ ያነሰ ደረሳት። ስለዚህ ትእዛዝ ሁልጊዜ ሁለቱን ይያዝ፦ በስንት ትዋኛለህ፣ በስንት ትነሳለህ። መስመሮችንም በወሰን ፍጥነት መድቡ እንጂ በ100 ሜትር ምርጥ ሰዓት አትመድቡ። ሁለት ልጆች 100 ሜትርን በእኩል 1:05 ሊዋኙ ይችላሉ፤ የአንዱ ወሰን 1:16፣ የሌላው 1:24 ሊሆን ይችላል። አብረው ከተሰለፉ አንደኛው ሳይሠራ ይውላል፤ ሁለተኛው ይቃጠላል።

የግድግዳ ሰዓትን ማንበብ ዋናተኛው ራሱ ይማር። በየ60 ሰኮንዱ የሚዞር ትልቅ ቀስት ያለውን የልምምድ ሰዓት በአሜሪካ ያስፋፋው በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያሠለጠነው ጄምስ ካውንስልማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ ሰባት የወርቅ ሜዳልያ የወሰደው ማርክ ስፒትዝ የእሱ ተማሪ ነበር። ሰዓቱ ከግድግዳ ላይ ሲታይ አሰልጣኙ እየጮኸ ሰኮንድ መጥራት አያስፈልገውም፤ ልጁ ራሱ «በስንት ደረስኩ?» ብሎ ያያል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ሳያይ መገመት ይጀምራል። በውድድር መሐል የሚያስፈልገው ይህ ግምት ነው።

አንድ የልምምድ ጠዋት ጠጋ ብለን እንይ። ልጅቷ 8 ጊዜ 100 ሜትር በ1:30 ታዘዘላት። ሰዓቷ እንዲህ መጣ፦ 1:25፣ 1:26፣ 1:28፣ 1:30፣ 1:31፣ 1:32፣ 1:33፣ 1:35። አማካዩ ልክ 1:30 ነው። አማካዩን ብቻ የሚጽፍ አሰልጣኝ «ጎበዝ» ብሎ ይሰናበታታል። የሠራችው ግን የታዘዘላትን አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከወሰን በላይ ስለነበሩ ላክቴት ተከማቸባት፤ የቀሩትን የጨረሰችው ያንን ተሸክማ ነው። ክንዷን ብትቆጥሩም ይህንኑ ታያላችሁ፦ በመጀመሪያው 50 ሜትር 40 ቀዘፋ የበቃት ልጅ በመጨረሻው 47 ቀዝፋለች። ክርኗ ወርዷል፣ ዳሌዋ ሰምጧል፣ ከግድግዳ ስትገፋ እግሯ ቶሎ ይነጠላል። እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝን ያመጣል የሚባለው በገንዳም ይሠራል። ትክክለኛው ልምምድ ስምንቱንም በ1:30፣ ቢበዛ በአንድ ሰኮንድ ከፍና ዝቅ፣ የቀዘፋው ቁጥርም ከሁለት በላይ ሳይጨምር መጨረስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ድግግሞሾች ዋናተኛው «ይህማ ቀላል ነው» ማለት አለበት። ቀላል መሆኑ ስህተት አይደለም፤ ትእዛዙ ትክክል ለመሆኑ ምልክት ነው። ይህን ለወጣት ዋናተኞች ደጋግሞ ማስረዳት የአሰልጣኝ ትልቁ ትዕግሥት ይመስለኛል።

ስለ ውድድር ፍጥነት ስናወራ ግን ነገሩ ይለወጣል። እስከ አሁን መነሻችን የዛሬ አቅም ነበር፤ እዚህ ላይ ወደ ዓላማው ትንሽ መራመድ ይፈቀዳል፤ ምክንያቱም የሚዋኘው ርቀት በጣም አጭር ነው። 200 ሜትርን በ2:40 የምትዋኘው ልጅ በወቅቱ መጨረሻ 2:36 ለመድረስ ብታቅድ 2:36ን ለአራት ከፍሎ «39 ሰኮንድ ዋኚ» ማለት አይበቃም። የመጀመሪያው 50 ከመድረክ ተዘሎ የሚጀመር ስለሆነ 36.0 ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ 39.5፣ 40.5፣ 40.0። ድምሩ 2:36 ነው። ስለዚህ ግድግዳ ገፍታ በምትለማመደው 50 ሜትር ላይ የሚታዘዝላት 40 ሰኮንድ ነው፤ ውድድሩ የሚሸነፈውም የሚረታውም በሦስተኛው 50 ነውና። በዚህ ዓይነት ልምምድ ብሬንት ረሻል የተባሉት ምሁር ያጸኑትን ደንብ እቀበላለሁ፦ ፔሱ ሲጠፋ ልምምዱ ይቁም። ሰዓቱን ስታ አንዱን ድግግሞሽ ታርፋለች፤ ተመልሳም በተከታታይ ከሳተች ለዚያ ቀን ይበቃታል። ከዚያ በኋላ የሚዋኘው እያንዳንዱ ሜትር ዘገምተኛ መሆንን ያስተምራታል። ልምምዱ ሁሉ በውድድር ፍጥነት ብቻ ይሁን የሚለውን የረሻልን ሐሳብ ግን አልከተልም፤ ለታዳጊ ዋናተኛ የወሰን ሥራ መሠረት ነው።

ቁጥሩ የተለካበት ገንዳም ከቁጥሩ አይለይም። ቦቢ ፊንክ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ በ50 ሜትር ገንዳ 1,500 ሜትርን በ14:30.67 ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ፍሎሪያን ዌልብሮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አቡ ዳቢ ላይ በ25 ሜትር ገንዳ ያንኑ ርቀት በ14:06.88 ጨርሷል። የ24 ሰኮንድ ያህሉ ልዩነት በአብዛኛው ከግድግዳው የመጣ ነው፤ በአጭር ገንዳ መዞሪያው ይበዛል፣ በየመዞሪያው ግፊት ይገኛል። በአገራችን ብዙው ልምምድ የሚካሄድባቸው የሆቴል ገንዳዎች ደግሞ 25ም 50ም የማይሆኑ ብዙ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገንዳውን በሜትር ለኩት፤ ፈተናውን እዚያው ፈትኑ፤ ከዚያ የወጣውን ቁጥር እዚያው ብቻ ተጠቀሙበት።

ከፍታ እኛን ከሌሎች ይበልጥ ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አሜሪካዊው ማይክ በርተን ከጨዋታው ጥቂት ሳምንታት በፊት 1,500 ሜትርን በ16:08.5 ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ሜክሲኮ ላይ ወርቁን ያገኘው በ16:38.9 ነው፤ 30 ሰኮንድ ዘግይቶ አሸነፈ። ልዩነቱ ሁሉ የከፍታው ነው ባልልም ትልቁ ድርሻ የእሱ እንደሆነ አያጠራጥርም። በዚያው ኦሊምፒክ ግን አውስትራሊያዊው ማይክል ዌንደን 100 ሜትርን በ52.2 ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አጭሩ ርቀት በኦክስጅን እጥረት ብዙም አይጎዳም፤ ረጅሙ ይጎዳል። የሳሳ አየር ለአጭር ርቀት ሯጭና ለዘላይ ያደረገው እርዳታ ደግሞ ለዋናተኛ የለም፤ ውሃው በከፍታ አይሳሳምና።

አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲም ከፍ ትላለች። ስለዚህ በባሕር ጠለል ካለ ክለብ የተወሰደ የፔስ ሠንጠረዥ ለአዲስ አበባ ልጅ ያለ ልኩ የተሰፋ ልብስ ነው። የአጭር ርቀት ፍጥነቱን ልትወስዱ ትችሉ ይሆናል፤ የወሰኑንና የ400 ሜትሩን ግን እዚሁ ለኩ። በልምምድ ላይ እረፍቱን በጥቂት ሰኮንድ አርዝሙ እንጂ ፍጥነቱን ለማስጠበቅ ልጁን አታስጨንቁ። ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለውድድር ስትወርዱም፣ ወደ ባሕር ጠለል ስትሄዱም፣ ጊዜ ካለ ፈተናው ይደገም፤ ጊዜ ከሌለ ዋናተኛው ረጅሙን ርቀት በለመደው ስሜት ጀምሮ ከግማሹ በኋላ ይጨምር።

ፈተናው በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ይመለስ። ወሰኑ ከ1:30 ወደ 1:28 ከወረደ ሁሉም ፔስ አብሮ ይወርዳል፤ ባለበት ከቆየ ልምምዱን እንጂ ልጁን አትውቀሱ። የታመመ፣ የፈተና ሳምንት ላይ ያለ ወይም ሳይበላ የመጣ ልጅ በዚያ ቀን አይለካ። ከ12 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ይህ ሁሉ ስሌት ገና ነው፤ እነሱ አካላቸውን ቀጥ አድርገው መንሳፈፍን፣ መዞርን፣ አጫጭር ፍጥነትን ይማሩ። ስሌቱንም በነፃ ዋና ጀምሩ፤ በደረት ወይም በጀርባ የሚወዳደረው በዚያው ስልት ለብቻው ይፈተን፤ በቢራቢሮ ግን 400 ሜትር ማስዋኘት ቅርጹን ስለሚያበላሽ አልመክረውም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ አሰልጣኞች፣ በመጪው ሳምንት ሁለት ጠዋት ለዚህ ሥራ መድቡ። አንዱን ጠዋት 400፣ ሌላውን 200 አስዋኙ። በደብተራችሁ ላይ የእያንዳንዱን ልጅ ሁለት ሰዓት፣ ከነቀኑና ከነገንዳው ርዝመት ጻፉ፤ ስሌቱንም ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት፤ የሚዋኙበትን ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባቸዋል።